ኮፈኑ ስር ያለው ቀለም

የሞተርን ቀለም ማን ያየዋል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መካኒኩ ሙሄ ዘይት የጠገበ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የሞተሩን ብሎክ ምን ቀለም እንቀባው ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያ መልሴ "ያገኘኸውን" የሚል ነበር። ምነው እዚያው ላይ በቆምኩ! እዚያው ላይ ብቆም ኖሮ መምሬ ጥላሁን በዚያ ጉም ውስጥ ከነጥምጥማቸው ባልሮጡ፣ እኔም በገዛ ራሴ ላይ ምስክር ሆኜ ባልቆምኩ ነበር።

ነገሩን ከመኪናዋ ልጀምር። ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ "አሮጊቷ" ይላታል። ነዳጅ አወሳሰዷ አይጣል ነው፤ የሞተር ዘይትማ እንደ ጠላ ነው የምትጠጣው። ጭሷ ጠባሴ ሰፈር ላይ መንገደኛውን ሁሉ ማሳል ሲጀምር ሙሄ ሞተሩን አወረደው። የፒስተኑን ፋሻ የሚሉትን ቀለበት ቀየረ፣ የሚፋቀውን ፋቀ፣ የሚታጠበውን አጠበና አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠው። ታጥቦ ሳየው ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሞተሩ ቀለም ጥቁር ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥቁሩ ቆሻሻ ኖሯል። ብረቱ ራሱ ቀለም የለውም፤ ገና ስም እንዳልወጣለት ሕፃን ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ይህን ጊዜ ነው ማህደር ያለችኝ ትዝ ያለኝ።

ማህደር እኔ ቤተ መጻሕፍቱን በምጠብቅበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ልንጋባ ተስማምተናል፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወረድ ብሎ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከደብረ ብርሃን አልዩ አምባ የጭነት መኪና ሲያወጡና ሲያወርዱ ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ከእኔ በፊት ለማህደር የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ አሉ። ገና ጉዳያቸውን ሳይጀምሩ አቶ ወንዳፍራሽ የመጡበትን መኪና ኮፈን ከፍተው አዩና፣ ውስጡ የአይጥ ጎጆ አገኙ። ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን በልተው ተመለሱ።

"አባዬ ሰው ከመጠየቁ በፊት ኮፈን ነው የሚከፍተው" አለችኝ ማህደር። "እምቢ ካለ ደግሞ አለቀ። እወድሃለሁ፣ ግን አባዬን አስቀይሜ አላገባም። ከአሁኑ እወቀው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት በመጪው እሑድ ነው። የሚሄዱባት መኪና አሮጊቷ ናት። ሞተሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ቀለም ይጠብቃል። የትዳሬ ዕጣ ያለው ኮፈኑ ስር ነው። "ያገኘኸውን" ያልኩትን መልስ ወዲያው አነሳሁና ለሙሄ አስብበታለሁ አልኩት። እኔ አስብበታለሁ ካልኩ ደግሞ የሚያውቁኝ ሰዎች ወንበር ይፈልጋሉ።

ጋራዡ ውስጥ፣ ሞተሩ ፊት ለፊት ሌላ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ የምተነፍሰው አየር ፊቴ ላይ ጭስ ሆኖ ይቆያል። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ብሎኩን ጫፉ ላይ ነካችው። በዚያች ብርሃን ውስጥ በኅዳር የደረሰ ገብስ ታየኝ። ቢጫ! በሐሳቤ አቶ ወንዳፍራሽ ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ የገብሱ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይወድቃል፤ ቀስ ያለ ነፋስ ይመጣና ሞተሩ ላይ የበቀለው ገብስ ወዲያና ወዲህ ይላል። አዝመራው ማለፊያ ነው ይላሉ አቶ ወንዳፍራሽ። ልጃቸውን ይጠራሉ። ማህደር ነጠላዋን እያጣፋች በገብሱ መሃል ትመጣለች። ስነቃ ሙሄ ሞተሩን ትቶ የሌላ ሰው ፍሬን እየሠራ ነበር።

ሙሄ ሐሳቤን ሲሰማ አልወደደውም። ለሞተር የሚቀባው ሙቀት የሚችል ቀለም ነው፤ እሱም ገበያ ላይ ያለው ጥቁርና ብርማ ብቻ ነው አለኝ። ጥቁር የሐዘን ነው፣ ብርማው ደግሞ ብረት ድስት ይመስላል፤ ሽማግሌ ልኬ ድስት ላሳይ እንዴ ብዬ ተከራከርኩት። ከዕቃ መሸጫው ሱቅ ያማረ ቢጫ ቀለም ገዝቼ መጣሁ። ቆርቆሮውን አገላብጦ አየው።

"ወላሂ ይሄ የበር ቀለም ነው" አለ። "ሞተር ይሞቃል እኮ።"

"ሙሄ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ምን ሲሞቅ አየህ?" አልኩት።

አትሳቁብኝ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ሙቀት መኖሩን የሚያውቀው በወሬ ነው። ባሕር እንዳለ እንደምንሰማው ሁሉ፣ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሙቀት አለ ሲሉ እንሰማለን፤ ለመሐላ የሚሆን ማስረጃ ግን የለንም። ሙሄ የአልዩ አምባ ልጅ ስለሆነ ሙቀትን በዓይኑ አይቶታል። ይሁንና እኛ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ከላይ ካፖርት ጥሎ ነው የሚሠራው። ጥያቄዬን ሰምቶ ትንሽ አሰበ። ካፖርቱን ወደ አንገቱ ሰበሰበና ብሩሹን ሰጠኝ።

ቢጫውን ቀብቼ ሳልጨርስ ጋሽ ሸዋንግዛው መጡ። አጎቴ ናቸው፤ እሑድ ከሚሄዱት ሽማግሌዎችም ዋናው ናቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው መኪና አይወዱም፤ የሚያውቁት ፈረስና በሬ ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ሞተሩን ሐሙስ ገበያ እንደቀረበ ወይፈን ዞሩት። ጎኑን መታ መታ አደረጉ። ጥርስ ቢኖረው ኖሮ ይከፍቱት ነበር። ከዚያ ቀለም ገድ እንዳለው አስረዱኝ። ቡላ ፈረስ ገዝቶ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው አነሱ፤ ቦራ በሬ ገዝቶ የበለፀገውን አነሱ፤ ቢጫ የሆነ ነገር ግን ከዶሮ በስተቀር አርብቶ የተጠቀመ ሰው አላውቅም አሉ። ምን ይሻላል ስላቸው እንደ ፈረስ ዳማ አድርገው ብለውኝ ሄዱ። ዳማ ቀለም በቆርቆሮ እንደማይሸጥ የነገራቸው የለም።

ቢጫው ግን ከልቤ ወጣ። አንዴ ዶሮ ከተባለ በኋላ ገብሱ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዡ ስሄድ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ከውርጭ ሌሊት በኋላ ያለውን የደብረ ብርሃን ሰማይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንድም ደመና የለውም፣ ቢነኩት የሚጮህ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰማይ ኮፈን ስር ቢኖርስ? ቆሜ ቀረሁ። በሐሳቤ አቶ ወንዳፍራሽ ኮፈኑን ከፍተው ወደ ታች ሰማይ ያያሉ፤ አንዲት ጭልፊት በካንዴላዎቹ መሃል ክንፏን ዘርግታ ቀስ እያለች ትዞራለች። የጋሪ ፈረስ ጀርባዬን በአፍንጫው ገፍቶ ከመንገዱ አስወጣኝ። በቀጥታ ሱቅ ሄጄ ሰማያዊ ገዛሁ።

ችግሩ ቢጫው አለመድረቁ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ እንደ ሰው ይበርደዋል እንጂ። እኔም መጠበቅ አልሆነልኝ። ሰማያዊውን ከላዩ ስጎትተው ብሩሼ ባለፈበት ሁሉ ሁለቱ ተቀላቅለው አረንጓዴ ነገር መውጣት ጀመረ። አረንጓዴውን ሳየው ማህደር ታየችኝ።

ይሄኛው ሕልም አልነበረም፤ የሆነ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቹን ይዘን ወፍ ዋሻ ጫካ ሄደን ነበር። ማህደርን ያን ጊዜ በስም እንኳ በቅጡ አላውቃትም። ትልቅ ጽድ ተደግፋ ቆማለች፤ ከላይዋ አንድ ጉሬዛ ተቀምጦ የምትበላውን ዳቦ ያያል። እሷ ታየዋለች፣ እሱ ያያታል፤ በመጨረሻ ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጠችለትና ሳቀች። ጫካው ሁሉ አረንጓዴ ነበር፤ በእሷ ፊት ላይ ያረፈው ብርሃን እንኳ አረንጓዴ ነበር። እኔ ልጆቹን መቁጠር ሲገባኝ ቆሜ አያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ሰው አስቤ አላውቅም። ታዲያ ሦስተኛውን ቆርቆሮ ብገዛ ማን ይፈርድብኛል?

ሙሄ ፈረደብኝ። አረንጓዴውን ከሰማያዊው ላይ ስደርብ ቆሞ አየኝና፣ ይሄ ሞተር አሁንስ ከእኔ የበለጠ ለብሷል አለ። ሞተሩን መልሶ ጫነው፣ አስነሳው፣ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠው። ድምፁ ማር ነው። ኢንሻአላህ በሰላም ትደርሳላችሁ አለኝ፤ "ኢንሻአላህ"ን ግን ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ ነው ያላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሸዋንግዛው፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ጥላሁን፣ ሦስተኛው ደግሞ ጆሯቸው የማይሰማው የእድራችን ዳኛ ናቸው። እኒህ ሦስተኛው ለግርማ ሞገስ ነው የሚሄዱት። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። አሮጊቷን ከእኔ በቀር የሚነዳት የለም፤ ሦስተኛ ማርሿ የምትገባው በልምድ ብቻ ነው። ሙሽራው ደግሞ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። መምሬ ጥላሁን ይህ ነውር ነው አሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው ብዙ ካሰቡ በኋላ መላ አገኙ፤ ሙሽራው አይሄድም፣ ሹፌር ግን ይሄዳል። አቶ ወንዳፍራሽ መልኬን አያውቁትም። ኮፍያ ደፍቼ፣ ሻርፕ እስከ አፍንጫዬ ተጠምጥሜ፣ ከመኪናዋ ሳልወርድ፣ ቃል ሳልተነፍስ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ዝም አይነቅዝም ብለው መምሬም መረቁት።

መንገዱ እንደ ሕልም ነበር። ገብሱ ታጭዷል፤ በጎቹ ገለባው ላይ ተበትነዋል፤ ባሕር ዛፎቹ አንድ ባንድ ከጉሙ ይወጡና መልሰው ይገባሉ። እኔም በሐሳቤ ቀድሜ ደርሼ፣ ሠርጌን ጨርሼ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አስገብቼ ነበር። ዳገቱን ስንያያዘው ጉሙ እየወፈረ ሄደ። ከኋላዬ ጋሽ ሸዋንግዛው ሲያሸቱ ይሰማኛል።

"የዛሬ ጉም ይሸታል ልበል?" አሉ።

መምሬ ጥላሁንም አሸተቱ። አንኮበር ጉም ሲሸት ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እኔ አሁንም የልጄን የትምህርት ነገር እያሰብኩ ነው። ጉሙ ቀስ ብሎ ከእግሬ ስር መውጣት ሲጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። መኪናዋን ሳቆም መምሬ ጥላሁን ቀድመውኝ ወርደዋል። በዚህ ዕድሜያቸው እንደዚያ ይሮጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ነጭ ጥምጥማቸው ጉሙ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ሄዶ ጠፋ። ጋሽ ሸዋንግዛው በዱላቸው ኮፈኑን ይመታሉ። የእድሩ ዳኛ የደረስን መስሏቸው ተቀምጠው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። እሳት የለም። ያለው ከእሳት የባሰ ነው። አረንጓዴው እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ እዚህም እዚያም ፈንድቷል፤ በፈነዳበት ሰማያዊው ተላጦ ወጥቷል፤ ሰማያዊው በተላጠበት ደግሞ ቢጫው ብቅ ብሏል። ጫካውም፣ ሰማዩም፣ ገብሱም አንድ ላይ ይጨሳሉ። ሙቀት እውነት መሆኑን ያን ቀን አመንኩ። እስኪበርድ ጠበቅን፤ መምሬን ፈልገን አመጣን፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን መንገዳችንን ቀጠልን። ሽማግሌዎቼ የሰው ልጅ ለመጠየቅ ሲደርሱ አዲስ በር አዲስ በር ይሸቱ ነበር።

አቶ ወንዳፍራሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ተሰጣጥተው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ኮፈኑ ላይ አረፈ። ጋሽ ሸዋንግዛው በመሃል ገቡና ጉዳያችን ይቅደም ብለው እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ወሰዷቸው። ለጊዜው ተረፍኩ። ወጉን ከውጭ ሆኜ በሐሳቤ ተከታተልኩት፤ አሁን ተቀመጡ ይባላሉ፣ አሁን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፣ አሁን መምሬ ይመርቃሉ። የጓዳው መስኮት መጋረጃ አንድ ጊዜ ተነቃነቀ። ማህደር እንደሆነች አወቅኩ። ሻርፔን ወደ ላይ ሳብኩት።

ከዚያ ጉሙ ተገለጠ። ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ያሉት ተራሮች፣ ከተራሮቹ በታች እስከ አፋር የሚዘልቀው ቆላ በአንድ ጊዜ ከእግሬ ስር ተዘረጋ። እዚያ ላይ ቀለም የሚመርጥ ሰው የለም፤ ያም ሆኖ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ማህደርን ካልሰጡኝ ይህን አገር መልሼ እንዴት አየዋለሁ ብዬ አሰብኩና ፈራሁ። ከሐሳቤ የመለሰኝ ኮፈኑ ላይ የተመታ እጅ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው። ሽማግሌዎቹን እህል ላይ አስቀምጠው ብቻቸውን ወጥተዋል።

"ሹፌር፣ ክፈታት እስቲ" አሉኝ።

ከፈትኳት። አቶ ወንዳፍራሽ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጎንበስ አሉ። በሕልሜ እንዳየሁት ፊታቸው ላይ ብርሃን አልወደቀም፤ የወደቀው ሽታ ነው።

"ይሄን ያስቀባው ማነው?"

"ባለቤቱ ነው ጌታዬ" አልኩ በሻርፔ ውስጥ።

"ልጁ? ሽማግሌ የላከው?"

"አዎን።"

"እንግዲህ የውስጡን ሰው ሹፌር ነው የሚያውቀው። ሽማግሌዎቹ አመስግነውት አልጠገቡም፤ እነሱ ለዚያ ነው የመጡት። አንተ ንገረኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ራሴን እንዳመሰግን ተለምኜ አላውቅም፤ ዕድሉ መጥቶልኝ ደግሞ አፌ እምቢ አለ። ያ የተላጠ ሞተር ፊታችን ተከፍቶ እያለ ምን ብዬ እዋሻለሁ? ሐሳብ ያበዛል አልኳቸው። ቆሞ ይቀራል፣ የጋሪ ፈረስ ነው ከመንገድ የሚያወጣው። ለአንድ ብረት ቀለም መምረጥ አቅቶት ሦስቱንም ደራረበው። ቢጫውን ሲቀባ ሰማያዊ ያምረዋል፣ ሰማያዊውን ሲቀባ አረንጓዴ ይናፍቀዋል። ክፋት ግን የለበትም አልኩ፤ ይህችንም ቃል እየፈራሁ ነው ያልኳት።

አቶ ወንዳፍራሽ ከብሎኩ ላይ የተላጠች ቀለም በጥፍራቸው አነሱ። አገላብጠው አዩዋት።

"ልጄንስ? እሷንም እንዲህ ሲደርብና ሲልጥ ነው የመረጣት?"

"እሷን ያየ ቀን ሌላ ማሰብ ትቷል" አልኩ። ሹፌር ለሰው ጉዳይ እንዲህ እንደማያለቅስ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ እንባዬ ሻርፔ ውስጥ ገባ።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው በቀጥታ ዓይኔን ያዘው።

"እኔ በዚህ ዳገት የሸበትኩ ሰው ነኝ" አሉ። "በበር ቀለም የተቀባ ሞተር እያየ አንኮበር ድረስ የሚነዳ ሹፌር በዓለም ላይ የለም። ሻርፑን አውርደው።"

አወረድኩት። ሞተሩን ያዩትን ያህል ፊቴን አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ከዚያ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ዘጉት፤ መዳፋቸውንም እላዩ ላይ አሳረፉት።

"ለሽማግሌዎቹ ከዘመድ ልማከር ብያለሁ። ወግ ነው፣ አላፈርሰውም። አንተ ግን ይሄን ጉድ እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀው። ሳትቀባ አምጣው። ቀለሙን እኔ እመርጣለሁ።"

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አቶ ወንዳፍራሽ ልማከር ብለው ተመለሱ የሚሉበትን ቀን አልቆረጡም፤ ቀን ካልቆረጡ ደግሞ ነገሩ ቆሟል ማለት ነው አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ እያሉ የቀለሙን ነገር አንስተው ወረዱብኝ። መምሬ ጥላሁን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ልጄ፣ አይዞህ ይሉኛል። እኔ ጉሙ ውስጥ ቀለም የሌለው ሞተር ይዤ ስመለስ፣ አቶ ወንዳፍራሽም ብሩሽ ይዘው ደጅ ላይ ሲጠብቁኝ እያየሁ ነበርና የሚሉት ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። ሦስተኛ ማርሿ እንኳ እንዴት እንደገባች አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ሸዋንግዛው ሰውዬው ኮፈኑ ጋ ቆሞ ምን አለህ ብለው ጠየቁኝ። ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው።

ጋሽ ሸዋንግዛውና መምሬ ከኋላው ወንበር ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"እስቲ ድገመው" አሉ መምሬ ጥላሁን።

ደገምኩት።

"መኪናዋን አቁም።"

"ምነው አባ? ደግሞ ጭስ ሸተተዎት?"

"እልል ልንል ነው" አሉ በሩን እየከፈቱ። "ለእልልታ ቁጭ አይባልም።"

አቆምኩላቸው።